ጣውንቴን ፍለጋ የወጣሁ ዕለት

ምላሴ ረጅም ነው፤ አጋሮ ውስጥ የሚያውቀኝ ሁሉ ይመሰክርልኛል። ጨርቅ ሱቄ በር ላይ ቆሜ ስከራከር የሰማኝ ሰው፣ ይህች ሴትዮ አፍና የምታስቀረው ነገር ይኖራል ብሎ አያስብም። እኔም አላስብም ነበር። ሆኖም ከገዛ ባሌ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ስምንት ወር ሙሉ አንዲት ጥያቄ ሳልጠይቀው ኖሬያለሁ። የማወራችሁ ያ ዝምታ ስላመጣብን ነገር ነው።

ያኔ አርባ ስምንት ዓመቴ ነበር። ባሌ ሸምሱ በአሥር ዓመት ይበልጠኛል። ቡና ሰብሳቢ ነው፤ ከገበሬው እሸት ቡና እየገዛ ለማጠቢያ ጣቢያ ያስረክባል። አንዲት ልጅ አለችን፣ ፎዚያ። አዲስ አበባ ነው የምትሠራው፤ ያን ጊዜ ታጭታ ነበር። እሱ እኔን "ሀዳ ፎዚያ" ይለኛል፣ የፎዚያ እናት ማለቱ ነው። እኔም "አባ ፎዚያ" እለዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንኖር በስማችን የተጠራራነው ስንጣላ ብቻ ነው።

ሸምሱ መስጊድ ውስጥ የመጀመሪያው ረድፍ ሰው ነበር። ኢማሙን ሲያማቸው የሚያሰግደው እሱ ነው። ሃይማኖት የሚጠይቅ ሰው ወደ እሱ ይመጣል፤ ንጹሕ ሰው ነው፣ ልብሱም ቃሉም።

የዚያን ዓመት ከረመዳን በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለዋወጠ። ካልሲውን እንኳ አጥቦ የማያውቅ ሰው፣ ጓሮ ጎንበስ ብሎ ሱሪውን ሲያጥብ አገኘሁት። "ምነው ለእኔ አትሰጠኝም?" ስለው "የቡና ጭማቂ ነክቶት ነው" አለኝ። ሽቶ ማብዛት ጀመረ። ከዚያ "ጀርባዬን ያመኛል፣ ሳሎን ፍራሹ ላይ ይሻለኛል" ብሎ ከመኝታ ቤታችን ወጣ። መስጊድ ሲሄድ የመጨረሻው ረድፍ፣ በሩ ሥር እንደሚቆም ሰዎች ነገሩኝ፤ ቆይቶ እሱንም ትቶ ቤት መስገድ ጀመረ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ጅማ ይወርዳል። አንድ ቀን ፌስታሉን ከፍቼ አየሁት፤ የተጣጠፈ ቅያሪ ሱሪ ነው።

እስቲ እናንተ ፍረዱኝ። በድብቅ ልብስ የሚያጥብ፣ ሽቶ የሚያርከፈክፍ፣ ሚስቱን ሸሽቶ የሚተኛ፣ ቅያሪ ሱሪ ይዞ ከተማ የሚወርድ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ምን ሆነ ትላላችሁ? እኛ ሰፈር ለዚህ መልሱ አንድ ነው። አግብቷል። "በሃይማኖታችን ይፈቀድለታል፤ የሚያናድደኝ ማግባቱ ሳይሆን ሳይነግረኝ ማግባቱ ነው" እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ወላሂ፣ ማግባቱ ነው ያናደደኝ።

ግን አልጠየቅኩትም። ጠይቄ ከምዋረድ ይቅርብኝ አልኩ። ምሳውን አቀርባለሁ፣ ሰላምታውን እመልሳለሁ፣ ፊቴን አዞራለሁ። እሱ ቀስ በቀስ እየከሳ መጣ። "አዲሷ ሚስቱ ወጥ አትችልም ማለት ነው" አልኩ በሆዴ። እውነቱን ልናገርና፣ ደስም አለኝ።

አንድ ማክሰኞ ጎረቤቴ ሰዓዳ ሱቄ መጣች። ሰዓዳ ዕቃ ለማምጣት ጅማ ሄርማታ መርካቶ ትመላለሳለች። ገብታ ሳትቀመጥ ጣቶቿን ማፍተልተል ጀመረች።

"ሀዳ ፎዚያ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣ እንዳትቆጪኝ።"

"ተናገሪ።"

"ባለፈው ሐሙስ አባ ፎዚያን ጅማ አየሁት። ፋርማሲ ውስጥ።"

"ታዲያ ፋርማሲ መግባት ነውር ሆነ?"

"የልጅ ዳይፐር ሲገዛ ነው ያየሁት። ትልቁን እሽግ። ሲያየኝ ከኋላው ደበቀው።"

ደንበኛ ቆማ ስለነበር ጨርቁን ለክቼ ጨረስኩ። እጄ ግን ቀጥ አድርጎ አልቆረጠም። ልጅ! ፎዚያን ከወለድኩ በኋላ ሁለት ጊዜ አስወርዶኝ ሦስተኛ ሳላገኝ የቀረሁ ሴት ነኝ። ሚስት ያግባ እሺ፤ ልጅ ግን አልችልም። ደንበኛዋ ስትወጣ ሰዓዳን "ጅልባብሽን አውሺኝ፣ ኒቃቡንም" አልኳት።

ኒቃብ ለብሼ አላውቅም። ሐሙስ ጠዋት ሸምሱ ከቤት ሲወጣ ሰዓዳ ቤት ገብቼ ተሸፋፈንኩ፤ በአካሄዴ እንዳይለየኝ ጫማዬንም ቀየርኩ። መናኸሪያ ስደርስ እሱ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ በሩ አጠገብ ተቀምጧል። ሌላ መኪና ብጠብቅ ያመልጠኛል። ስለዚህ ገባሁ። የገዛ ባሌን ጉልበት ታክኬ አልፌ መጨረሻው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሊያሳልፈኝ እግሩን ሰብሰብ አደረገ እንጂ ቀና ብሎም አላየኝ።

መንገዱን ሁሉ የማየው ማጅራቱን ነበር። አንገቱ ቀጥኖ የሸሚዙ ኮሌታ ሰፍቶታል። ስምንት ወር ፊቴን ሳዞርበት ይህን አላየሁም ነበር።

የቡ ከተማ ሳንደርስ "ሹፌር፣ ማሎ፣ አንዴ አቁምልኝ" አለ። ወርዶ ቡናው ውስጥ ገባ። ቆየ፣ ቆየ። ሹፌሩ ጥሩንባ ነፋ። "ሊደውልላት ነው፤ መጣሁልሽ ሊላት" አልኩ በልቤ። ተመልሶ ሲገባ ግንባሩ በላብ ርሷል። የቡን አልፈን ትንሽ እንደሄድን እንደገና አስቆመ።

"አባባ፣ በዚህ ዓይነትማ ጅማ ነገ ነው የምንደርሰው!" አለ ረዳቱ። ሰው ሳቀ።

"ተዋቸው፣ ስኳር ይኖርባቸዋል" አለች አጠገቤ የተቀመጠች ሴትዮ።

"ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያለ ገባ ሸምሱ። ባሌ ረዳት ሲሳለቅበት ዝም የሚል፣ ይባስ ብሎ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው አልነበረም። ያኔ የሆነ ነገር ሊገባኝ ይገባ ነበር። ቅናት ግን ልብ ይደፍናል፤ እኔ የማስበው ሴትየዋ ቀይ ትሁን ጠይም ነበር።

ጅማ መናኸሪያ ወርዶ ባጃጅ ያዘ። እኔም ከኋላው ሌላ ባጃጅ ያዝኩና "ያችን እንዳትጠፋህ" አልኩት ሹፌሩን።

"ምን ተሰርቆብሽ ነው እናቴ?" አለኝ እየሳቀ።

"ባል" አልኩት። ሳቁን አቋረጠና ነዳው።

ሸምሱ የወረደው አንድ ሆስፒታል በር ላይ ነው። ወልዳለች አልኩ፤ ሊጠይቃት ነው። ግቢውን አቋርጦ አንድ ጠባብ ኮሪደር ገባና አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ፌስታሉን ጭኑ ላይ አድርጎ። ግራና ቀኙ የተቀመጡት ሁሉ ዕድሜያቸው የገፋ ወንዶች ናቸው። ሴት ወረፋ ስትጠብቅ አላየሁም። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሰው እዚህ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እዚያ ጋ ነው። ከፌስታሉ አፍ ግን የነጭ ዳይፐር ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ፤ ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አልታየኝም።

ፊቱ ቆምኩና ኒቃቡን ገለጥኩት።

"የት ናት?"

ቀና አለ። መልኩ አመድ መሰለ። "ሀዳ ፎዚያ... አንቺ እንዴት..."

"የት ናት ነው የምልህ! የልጁ እናት! ስምንት ወር እንደ ዕቃ ዘግተህብኝ፣ እዚህ ትወልዳለህ?"

"ድምፅሽን ቀንሺ። ሰው አለ።"

"ሰው ይስማ! ሸምሱ ይባላል፣ የአጋሮ ሰው፣ ሰው የሚያሰግድ ሰው! ይስሙ!" ፌስታሉን ነጠቅኩት። ተቀደደ። ሲሚንቶው ላይ ሁለት ሱሪ፣ አንድ የውሃ ፕላስቲክና አራት ዳይፐር ተበተነ። ከዳይፐሮቹ ሁለቱ በመቀስ ተቆርጠው በክር ተያይዘዋል።

አጠገቡ ያሉት ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ መሬት ሰበሩ። እሳቸው ነገሩ ገብቷቸዋል፤ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሸምሱ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ለቀመ። ጎንበስ ሲል ወገቡን ይዞ አቃሰተ። ከዚያ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

"ለእኔ ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"ዳይፐሩ። ለእኔ ነው። ሽንቴን መያዝ አቅቶኛል።"

አንዲት ነርስ ከበሩ ብቅ ብላ ስሙን ጠራች፤ እሱ ተነሣ፣ እኔም ተከተልኩት።

ሐኪሙ የፎዚያ እኩያ የሚሆን ልጅ ነው። ወረቀቱን ከማየቱ በፊት እኔን አየኝ።

"ባለፈው ቤተሰብ ይዘው ይምጡ ብዬዎት ነበር አባቴ። እኚህ ማን ናቸው?"

"ባለቤቴ ናት" አለ ሸምሱ። "አላመጣኋትም። ራሷ መጣች።"

"ጥሩ አደረጉ እናቴ" አለኝ ልጁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ተናገረ። የተወሰደው ናሙና ውጤት መጥቷል፤ የፕሮስቴት ካንሰር ነው። ፕሮስቴት ከፊኛ ሥር ያለ የወንዶች እጢ መሆኑን በእጁ እያሳየ አስረዳን። እስከዚያ ቀን ካንሰር የጡትና የማህፀን፣ የሴት በሽታ ይመስለኝ ነበር። ቀጥሎ ያለውን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ወደ ጀርባና ወደ ዳሌ አጥንቱ ደርሷል አለ። "ጀርባዬን ያመኛል" ብሎ ከመኝታ ቤት የወጣ ቀን ትዝ አለኝ። ውሸት አልነበረም።

"ይድናል?" አልኩ።

"ማዳን አንችልም። ማዘግየት እንችላለን። ሕክምናውን ካገኙ ዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ካላገኙ በወራት የሚቆጠር ነው።"

"ምንድን ነው ሕክምናው?" አለ ሸምሱ።

"ካንሰሩን የሚያሳድገው የወንድ ሆርሞን ነው። ሆርሞኑን የሚያጠፋ መርፌ አለ፤ ግን ውድ ነው፣ እንደ ልብም አይገኝም። ሌላው ቀዶ ሕክምና ነው። አንዴ ይሠራል፣ ያልቃል። ቦታ ስላለን ነገ ጠዋት ልንሠራልዎ እንችላለን።"

"ምኑን ነው የምትቆርጡት?"

ልጁ ወደ እኔ አየ፣ ከዚያ ወደ እሱ። "የዘር ፍሬዎቹን ነው የምናወጣው፣ አባቴ።"

ሸምሱ ተነሣ። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰ። "አላህ ይስጥልኝ ልጄ" ብሎ ወጣ።

እኔ እዚያው ቀረሁ። ያን ሰዓት የለመንኩትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእናንተ ልንገራችሁ። "ያ ረቢ፣ ሴትየዋ ትኑር" አልኩ። "ቆንጆም ትሁን፣ ወጣትም ትሁን። ልጁም ይኑር። ወላሂ እኔው አሳድገዋለሁ፣ እኔው አጥበዋለሁ። ብቻ ይህ ሐኪም ተሳስቶ ይሁን።" ጠዋት እርግማን ያወረድኩባትን ሴት እኩለ ቀን ላይ በልመና ፈለግኋት። አልነበረችም።

ግቢው ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። ለሰላት አዛን ሲል ነበር። አልተነሣም።

"አትሰግድም?" አልኩት፤ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

"ውዱዕ አይቆይልኝም። ታጥቤ ሳልጨርስ ሽንቴ ይፈሳል።"

"ለታመመ ሰው ይፈቀዳል ስትል ሰምቼህ አላውቅም እንዴ?"

"ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ይፈቀድልሃል እለው ነበር። ለራሴ ሲሆን አፈርኩ። ሽታዬ ሰውን እንዳይረብሽ በር ሥር ቆምኩ። ኋላ እሱንም ተውኩት።"

"ለእኔስ? ለእኔ ለምን አልነገርከኝም?"

"አንቺማ ታውቂ ነበር" አለኝ።

"እኔ?"

"ሱሪዬን ሳጥብ አየሽኝ። ደግመሽ አልጠየቅሽኝም። ከአልጋ ስወርድ 'ለምን?' አላልሽም። ፊትሽን ታዞሪ ነበር። አውቃ ተጸይፋኛለች፤ ክብሬን ልትጠብቅልኝ ብላ ነው ዝም ያለችው አልኩ።"

በሕይወቴ ብዙ ክፉ ቃል ተሰንዝሮብኛል፤ እንደዚያ የመታኝ የለም። እኔ በቅናት ያዞርኩት ፊት፣ እሱ ዘንድ መጸየፍ ሆኖ ደርሷል። አለቀስኩ። ኒቃቡ ለዚያ ጠቀመኝ።

እንባዬ ሲበርድ "ነገ ትሠራዋለህ" አልኩት።

"አልሠራም። በሬ ነኝ እንዴ የምኮላሸው? አጋሮ ውስጥ ይህ ቢሰማ በየት በኩል እሄዳለሁ? ወንድ ሆኜ ተወልጃለሁ፣ ወንድ ሆኜ ልሙት።"

"ማን ይናገራል? እኔ?"

"አንቺ ዛሬ ኮሪደር ላይ ምን ስታደርጊ ነበር?" አለ። ልክ ነው። ቀጠለ፤ "ገና አርባ ስምንት ዓመትሽ ነው። የሽማግሌ ጨርቅ ስታጥቢ ልታረጂ አይገባም። ነፃ ልልቀቅሽ። ጠላቅ..."

እጄን አፉ ላይ ጫንኩት። ለማታውቁት፣ ጠላቅ የፍቺ ቃል ነው፤ ባል አስቦ ከተናገረው ይቆጠራል፣ "አፌ ነው" ብሎ መመለስ የለም። "እንዳትጨርሳት!" አልኩት። "ስምንት ወር ዝም ብለህ፣ የምታወራው ይህን ነው?"

እጄ ውስጥ ትንፋሹ ይሞቃል። ሲረጋጋ አነሣሁለት። ፍቅር ብነግረው እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ ሃምሳ ስምንት ዓመት የኖረ የጅማ ወንድ በእንባ አይመለስም። ስለዚህ በማውቀው መንገድ ሄድኩበት፣ በምላሴ።

"የፎዚያ ኒካህ መቼ ነው?"

"ከሦስት ወር በኋላ።"

"ሐኪሙ ካልታከመ በወራት ነው አለ። ከሞትክ ማን ይድራታል?"

በእኛ ሥርዓት ሴት ልጅን የሚድራት ወሊይዋ ነው፤ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ "ልጄን ድሬልሃለሁ" የሚለው አባቷ። አባት ከሌለ አጎት ይተካል። ሸምሱ ያለው አንድ ወንድም ናስር ነው፤ በአባታቸው ቡና መሬት ተጣልተው አሥራ አንድ ዓመት አልተነጋገሩም።

"ናስር ነው እጁን የሚሰጠው" አልኩት። "አንተ ወንድ ሆነህ ትቀበራለህ፤ ናስር ልጅህን ይድራል።"

መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጨካኝ ነኝ፤ አውቃለሁ። "ክፉ ነሽ፣ ዘሃራ" አለኝ። በስሜ ጠራኝ።

"ነኝ" አልኩት።

"እሺ። ግን ከዛሬ ወዲያ እንዳታስመስዪብኝ። ከጠላሽኝም ንገሪኝ፤ ከፈራሽም ንገሪኝ።"

"አንተም ንገረኝ።"

"ኤዬ" አለ፣ እሺ ማለቱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የቀዶ ሕክምናው ወረቀት ላይ ፈረመ፤ ከሥሩ እኔ ፈረምኩ። ሲወስዱት ዞሮ አላየኝም። ሲመልሱት ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የተኛ መስሎኝ ነበር፤ እንባው በጆሮው በኩል ወደ ትራሱ ሲወርድ ግን አየሁ። አብሬው ተቀመጥኩ። የምለው ነገር ስላልነበረኝ አላወራሁም፤ የዚያን ቀን ዝምታ ግን እንደ ስምንቱ ወር አልነበረም።

ፎዚያን እሱ ዳራት። ቆሞ፣ የሙሽራውን እጅ ጨብጦ፣ ድምፁ ሳይቆራረጥ። በቀጣዩ ዓመት የቡና ለቀማም ገበሬዎቹ ጋ ወርዶ ተከራክሮ ገዛ። ሰው "ወፈርክ" ይለው ነበር። ከቀዶ ሕክምናው የተነሣ ሰውነቱ በላብ እየተጠመቀ፣ ጡቱ እያበጠ መሆኑን የማውቀው እኔ ነኝ፤ ራሱ ነገረኝ። ወደ መኝታ ቤታችን ተመለሰ። ስለዚያ ነገር ልትጠይቁኝ የምትፈልጉ ትኖራላችሁ፤ አዎ፣ ያ ቀርቷል። የጎደለ ነገር የለም ብል ዋሸሁ። ግን ስምንት ወር ሳሎን ከተኛው ሙሉ ሰው፣ አጠገቤ የተኛው ይሻለኛል።

አንድ ቀን ሐኪሙን ለብቻው አግኝቼ "ያኔ ሱሪውን ሲያጥብ ያየሁት ቀን ባመጣው ይድን ነበር?" አልኩት። ልጁ ብዕሩን ሲያገላብጥ ቆየ። "አሁን ይህን ማሰብ አይጠቅምዎትም እናቴ" አለኝ። ደህና ሐኪም ነው፤ መዋሸት ግን አይችልም።

እህቶቼ፣ እኔ የምመክር ሴት አይደለሁም፤ ማን ሆኜ? ግን ባልሽ ሌሊት ደጋግሞ ከተነሣ፣ ሽንት ቤት ከቆየ፣ ልብሱን ከደበቀ፣ ጠይቂው። ስትጠይቂ ብትዋረጂ ተዋረጂ። ወንዶችም፣ ሚስቴ ታውቃለች፣ ተጸይፋኝ ነው እያላችሁ በግምት አትሙቱ። የምናውቅ ይመስላችኋል። አናውቅም። ሌላ ነገር ነው የምናስበው።

ባለፈው ሰኞ ጠዋት ጨርቅ ሱቄን ልከፍት ጫማዬን ሳደርግ ከመኝታ ቤት ጠራኝ።

"ሀዳ ፎዚያ፣ ነይ ልንገርሽ።"

ገባሁ። ጣሪያውን እያየ በጀርባው ተኝቷል።

"እግሬ አልታዘዘኝም። ሁለቱም። ከወገቤ በታች አይሰማኝም።"

ብርድ ልብሱን ገለጥኩና እግሩን ቆነጠጥኩት። አጥብቄ ቆነጠጥኩት። ፊቱን አየሁ፤ ምንም የለም። ሐኪሙ የታመመው የጀርባ አጥንት ነርቩን ተጭኖ እግሩን ሊያሽመደምደው ይችላል ብሎ አስጠንቅቆኝ ስለነበር ምን ማለት እንደሆነ ገባኝ። ለሰዓዳ ደውዬ መኪና ፈልጊልን አልኳት።

"ፈራሽ?" አለኝ።

"አይዞህ፣ ደህና ትሆናለህ" የሚለው ቃል አፌ ድረስ መጥቶ ነበር።

"አዎ" አልኩት። "በጣም ፈራሁ።"

"እኔም" አለኝ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ እጁን ያዝኩት፤ መኪናው በር ላይ እስኪቆም አልለቀቅኩትም።